አልከፈት ያለ ላፕቶፕ፦ ከጥገና በፊት የሚቀድም ምርመራና የምርምር መረጃ ደኅንነት

መግቢያ

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ የሚገኝ ተማሪ ከመስክ የሰበሰበው ቃለ መጠይቅ፣ የናሙና መዝገቡ፣ የትንተና ውጤቱና ገና ያላለቀው የመመረቂያ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህም ላፕቶፑ አንድ ቀን አልከፈት ሲል ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ይነሣሉ። የመጀመሪያው «መሣሪያው እንዴት ይጠገናል?» ሲሆን፣ ሁለተኛው «በውስጡ ያለው ሥራ እንዴት ይተርፋል?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ቢመስሉም መልሶቻቸው ሊቃረኑ ይችላሉ። መሣሪያውን ፈጥኖ ወደ ሥራ የሚመልሰው እርምጃ፣ ማለትም ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ሥርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫን፣ ሥራውን ለዘለቄታው የሚያጠፋ ሊሆን ይችላልና።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ላፕቶፕ በየትኛው የማስነሻ ደረጃ ላይ እንደቆመ ያለ ልዩ መሣሪያ መለየት የሚቻልበትን ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። በተጨማሪም በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች አካባቢ የሚሠራ ተመራማሪ ሊያጤናቸው የሚገቡ ሁኔታዎችን ያመለክታል። ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው፦ ችግሩ ያለበት ደረጃ ሳይታወቅ ጥገና መጀመር አይገባም፤ መረጃው ሳይገለበጥም ዲስኩን የሚለውጥ ማንኛውም እርምጃ መወሰድ የለበትም።

መነሻ የሆነው ገጠመኝ

የጽሑፉ አቅራቢ በዳባት ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ ሰብስቦ ወደ ደባርቅ በተመለሰበት ወቅት፣ ባትሪው ከደከመ የቆየውና በቻርጀር ብቻ የሚሠራው አሮጌ ላፕቶፑ አልከፈት አለው። በከተማው መብራት ለሁለት ቀናት ጠፍቶ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመለስ የላፕቶፑ መብራት በራ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ የአምራቹ ምልክትም ታየ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስነሣ ዲስክ አለመገኘቱን የሚገልጽ አንድ መስመር በጥቁር ገጽ ላይ ወጥቶ ቀረ።

መሣሪያውን የተመለከተ አንድ ባለሙያ ዊንዶውሱ ስለተበላሸ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ይጫን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከቃለ መጠይቆቹ ውስጥ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ስለነበሩ ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። በኋላ በተደረገው ምርመራ ዲስኩም ሆነ ዊንዶውሱ ምንም እንዳልሆኑ ተረጋገጠ። የተበላሸው በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኘው፣ የሳንቲም መጠን ያለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ ስለሞተና ዋናው ባትሪም ስለደከመ፣ ኤሌክትሪክ በጠፋባቸው ቀናት የመሣሪያው መሠረታዊ ቅንብር ተሰርዞ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ተመልሷል። ዊንዶውሱ የተጫነው በቀድሞው የማስነሻ ስልት ሲሆን፣ የፋብሪካው አቀማመጥ ደግሞ አዲሱን ስልት የሚከተል ነበር። ትንሿ ባትሪ ተለውጣ ቅንብሩ ሲስተካከል ላፕቶፑ አንድም ፋይል ሳይጎድልበት ተነሣ።

ገጠመኙ የሚያስተምረው ነገር አለ። ችግሩ ቀላል ነበር፤ የታዘዘለት መድኃኒት ግን የማይመለስ ጉዳት ያስከትል ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የተለየ ዕውቀት ሳይሆን የምርመራ ቅደም ተከተል ነው።

ላፕቶፕ የሚነሣበት ሂደት

የማስነሻው ቁልፍ ከተጫነበት ጊዜ አንሥቶ የሥራ ገጹ እስኪታይ ድረስ ያለው ሂደት በአራት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ ከቻርጀር ወይም ከባትሪ የሚመጣው ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። በሁለተኛው ደረጃ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ባዮስ የሚባለው፣ ዋና አንጎለ ኮምፒውተሩን፣ ራሙንና ስክሪኑን ይፈትሻል። በሦስተኛው ደረጃ ባዮሱ ሥርዓተ ክወና ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። በአራተኛው ደረጃ ሥርዓተ ክወናው ራሱ ተጭኖ ሥራውን ይረከባል።

እያንዳንዱ ደረጃ ያለ ቀዳሚው አይከናወንም። በመሆኑም ላፕቶፑ እስከ የትኛው ደረጃ እንደዘለቀ ማወቅ ከዚያ በፊት ያሉትን ክፍሎች በአብዛኛው ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣል። የአምራቹ ምልክት በስክሪኑ ላይ ከታየ ለምሳሌ ኃይል፣ ራምና ስክሪን ቢያንስ በመጠኑ እየሠሩ ነው፤ ቻርጀር መግዛት ችግሩን አይፈታውም። መብራትም ድምፅም ከሌለ ደግሞ ስለ ዊንዶውስ መነጋገር ጊዜው አይደለም።

አንደኛ ደረጃ፦ መብራትም ድምፅም የሌለው

ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። በመጀመሪያ ቻርጀሩ ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ በሌላ ሶኬት ላይ ይሞከራል። ቀጥሎ ሌላ ቻርጀር ይፈተናል። የሚሞከረው ቻርጀር የሚሰጠው ቮልት በላፕቶፑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ይስማማል ማለት አይቻልም።

ይህ ካልረዳ በውስጥ የቀረውን ኃይል ማፍሰስ ይገባል። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይወጣል፤ የማስነሻው ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ይቆያል፤ ከዚያም ቻርጀሩ ብቻ ተሰክቶ ይሞከራል። ማዘርቦርዱ ላይ ኃይልን የሚቆጣጠረው ክፍል በተሳሳተ ሁኔታ ተይዞ ከቀረ በዚህ መንገድ እንደ አዲስ ይጀምራል። እርምጃው መረጃን አይነካም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከሚሞከሩት አንዱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ መሣሪያው ጸጥ ካለ ችግሩ በኃይል መቀበያው ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ስለሚሆን የባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል። ይሁንና ዲስኩ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መብራት አለ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይለያሉ፦ ያልተነሣ ላፕቶፕና ተነሥቶ የማይታይ ላፕቶፕ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ በጎን ሲበራ ደብዛዛ ምስል ከታየ የተበላሸው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ሲገናኝ ምስል ከመጣም ላፕቶፑ ተነሥቷል ማለት ነው፤ በዚያው ሰዓት ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል።

በየትኛውም ስክሪን ላይ ምስል ከሌለ ራሙ ይጠረጠራል። ብዙ አምራቾች በዚህ ደረጃ የሚፈጠርን ችግር በተቆጠረ የድምፅ ምት ወይም በመብራት ብልጭታ ያስታውቃሉ፤ የብልጭታው ቁጥር በጽሑፍ መያዝና ከሞዴሉ መመሪያ ጋር መመሳከር አለበት። ኃይል ሙሉ በሙሉ ተቋርጦና የውስጥ ባትሪው ተነቅሎ፣ በእጅ ላይ ያለ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ብረት በመንካት ከተወገደ በኋላ፣ ራሙ ወጥቶ ተመልሶ ሊሰካ ይችላል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። ራም መረጃን በዘላቂነት ስለማይዝ ይህ እርምጃም ለፋይሎች አደጋ የለውም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የአምራቹ ምልክት ይታያል፣ ዲስክ ግን አይገኝም

ወደ ባዮስ ገጽ መግባት ያስፈልጋል፤ እንደ አምራቹ ዓይነት ኤፍ2፣ ኤፍ10፣ ዴል ወይም ኢስኬፕ ቁልፍ መሣሪያው ሲነሣ ደጋግሞ በመጫን ይገባል። በገጹ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው፤ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ ትንሿ ባትሪ እንደሞተች ይጠቁማል። ሁለተኛው የዲስኩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው። ስሙ ከተገኘ ዲስኩ ቢያንስ ምላሽ እየሰጠ ነው፤ ካልተገኘ ግንኙነቱ ላልቷል ወይም ዲስኩ ተበላሽቷል። ሦስተኛው የማስነሻ ስልቱና የዲስክ መቆጣጠሪያው ቅንብር ነው። ቅንብሩን ከመለወጥ በፊት የነበረውን በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ ለውጡ ካልረዳ ወደነበረበት ለመመለስ ሌላ ማስታወሻ አይኖርምና።

ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ይህን ቁልፍ ባለቤቱ ሳያስተውለው ያበራሉ፤ ቁጥሩም በአካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ቁጥሩ ከሌለ ጤነኛ ዲስክ ላይ ያለ መረጃ እንኳ አይነበብም። ስለሆነም ቁጥሩን ላፕቶፑ ጤነኛ ሳለ በወረቀት ገልብጦ ማስቀመጥ የተማሪው ኃላፊነት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ዊንዶውስ ጀምሮ ይቆማል

ሰማያዊ ገጽ ከታየ ወይም መሣሪያው እየጠፋ እንደገና ከተነሣ፣ ችግሩ በአብዛኛው በሥርዓተ ክወናው ፋይሎች፣ በቅርብ በተጫነ ማሻሻያ ወይም በሚደክም ዲስክ ላይ ነው። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሣት ሲያቅተው የማገገሚያ ገጹን በራሱ ያቀርባል። ከዚያ በጥቂት አገልግሎቶች ብቻ የሚነሣውን ሴፍ ሞድ መምረጥ ወይም የመጨረሻውን ማሻሻያ ማስወገድ ይቻላል።

ለዚህ ደረጃ ትልቁ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተከሰተው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያሠራጨው አንድ የተሳሳተ የማሻሻያ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እንዳይነሡ አደረገ፤ በብዙ አገሮች በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። መሣሪያዎቹ ግን አልተበላሹም ነበር። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንዱን ፋይል መሰረዝ ሲሆን፣ ሥራውን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ከላይ የተጠቀሰው የቢትሎከር ቁጥር ነበር። በአንድ ፋይል የቆመ ኮምፒውተር በአንድ ፋይል ሊነሣ እንደሚችል ክስተቱ በግልጽ አሳይቷል።

ከጥገና በፊት መረጃን ማውጣት

ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ላይ የቆመ ላፕቶፕ በፍላሽ ላይ በተዘጋጀ ሊኑክስ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሊኑክስ ዲስኩ ላይ ሳይጫን በራም ላይ ስለሚሠራ፣ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ለመገልበጥ ያስችላል። ፍላሹን ለማዘጋጀት ግን ሌላ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ አንድ ዝግጁ ፍላሽ መኖሩ ለሁሉም ይበቃል።

ሃርድ ዲስኩ ተደጋጋሚ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ መሣሪያው ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። በዚህ ሁኔታ የዊንዶውስን የዲስክ ጥገና ትእዛዝ ማስኬድ የሚደክመውን ዲስክ የበለጠ ያደክማል፤ በተበላሹ ቦታዎች ላይም ይጽፋል። ተገቢው መንገድ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ መውሰድ ነው። ዲዲሬስኪዩ የተባለው የሊኑክስ መሣሪያ በቀላሉ የሚነበቡትን ክፍሎች አስቀድሞ ይገለብጣል፤ ወደ አስቸጋሪዎቹ የሚመለሰው በኋላ ነው።

ስለ ፎርማት የሚነገረው «በኋላ በሪከቨሪ ፕሮግራም ይመለሳል» የሚለው ማጽናኛም መታረም አለበት። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የተሰረዘ ፋይል ሊገኝ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ የተሰረዙትን ቦታዎች ለዲስኩ ስለሚያሳውቅ ዲስኩ ራሱ ያጸዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስኤስዲ ስላላቸው የቀድሞው ልምድ ዛሬ አያገለግልም።

የምርምር ሥነ ምግባርም እዚህ ላይ ይገባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ በሚያካሂድበት በዳባትም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ቤቱን ከፍቶ ስለ ጤናውና ስለ ኑሮው የተናገረ ሰው ምስጢሩ እንዲጠበቅ ቃል ተገብቶለታል። ላፕቶፕን ከነይለፍ ቃሉ ለጥገና አስረክቦ መሄድ ያን ቃል ይጥሳል። ችግሩ በዲስኩ ላይ ካልሆነ ዲስኩን አውጥቶ ማስረከብ፣ ካልሆነም ጥገናው በባለቤቱ ፊት እንዲከናወን መጠየቅ ይገባል።

የአካባቢው ሁኔታዎች

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ የላፕቶፕና የሃርድ ዲስክ አምራቾች መሣሪያቸው እንዲሠራበት የሚወስኑት ከፍታ 3,048 ሜትር ነው። ለዚህ ገደብ አንዱ ምክንያት በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ በቀጭን የአየር ንጣፍ መንሳፈፉ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ከሰሌዳው ጋር የመነካካት አደጋው ይጨምራል። ደባርቅ ከገደቡ በታች ናት። ሳንቃበር፣ ጨነቅና አምቢኮ ግን ከገደቡ በላይ ናቸው። ስለ ዋልያ ወይም ስለ ጭላዳ ለማጥናት ወደ ፓርኩ የሚወጣ ተመራማሪ የሚሽከረከር ዲስክን በሥፍራው ከማሠራት ይልቅ ኤስኤስዲ ወይም ፍላሽ ቢጠቀም ይመረጣል፤ እነዚህ የሚንሳፈፍ ክፍል የላቸውም። የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም ስለሚቀንስ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያን ማጽዳት በደጋ የበለጠ ይጠቅማል።

ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። በድንኳን ያደረ ላፕቶፕ ሙቀት ወዳለበት ክፍል ሲገባ በውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ማስነሣት ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ከቦርሳው ሳይወጣ ለጥቂት ሰዓታት ቆይቶ የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ መጠበቅ ይሻላል። የሊትየም ባትሪም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሲነገር፣ ብዙ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከ220 ቮልት የወረደ ኃይል ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ከጠፋ በኋላ ሲመለስ በቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ማጠቃለያ

የአንድ ላፕቶፕ መብራት፣ ድምፅና ስክሪን ችግሩ ያለበትን ደረጃ ይናገራሉ፤ ተመልካቹ ሊጠብቀው የሚገባው ቅደም ተከተል ደግሞ ከማይጎዳው ወደሚጎዳው፣ ከሚመለሰው ወደማይመለሰው የሚሄድ ነው። ፎርማት በዚህ ሰልፍ የመጨረሻው ሆኖ ይቆያል።

ከዚህም ሁሉ የሚቀድመው ቅጂ ነው። የመረጃ አያያዝ ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚለው ደንብ በአካባቢያችን በጥቂቱ መቃኘት ያስፈልገዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፤ ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ቅጂ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ቅጂ በውጫዊ ዲስክ፣ ሦስተኛው በይለፍ ቃል ተቆልፎ በሌላ ከተማ በሚገኝ አማካሪ ወይም ባልደረባ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ላፕቶፑ አልከፈት ያለበት ቀን የጥገና ቀን ብቻ ይሆናል። የዳባት አርሶ አደር ከሥራው ተነሥቶ የሰጠውን አንድ ሰዓት ደግመን ልንጠይቀው አይገባም።